ሜዳ ቴኒስ፦ ሁሌ ከሚያሸንፈኝ ጓደኛዬ ስንት ነጥብ ልቀበል?

የአዌቱ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጅማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ሜዳ ቴኒስ እንጫወታለን። እሱ ራኬት የያዘው በልጅነቱ ነው፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ውጤቱ 6 ለ 0፣ ሲያዝንልኝ 6 ለ 1። የተሸነፈ ቁርስና ቡና ይጋብዝ ስለተባባልን ኪሴ አለቀ። እሱም አሁን አሁን እያዛጋ ነው የሚጫወተው። ሆን ብሎ ኳስ ሲለቅልኝ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። እሱ የምሩን እየተጫወተ ፉክክሩ የሚመጣጠንበት መላ አለ?

ቀይ ሜዳ፦
ቀላል ነው። እሱ ኳሱን አንድ ለአንድ በሚጫወቱበት በነጠላው ሜዳ መስመር ውስጥ ያሳርፍ፣ አንተ ሁለት ለሁለት በሚጫወቱበት በጥንዱ። የነጠላው ስፋት 8.23 ሜትር፣ የጥንዱ 10.97 ስለሆነ በየጎኑ 1.37 ሜትር ትርፍ ማረፊያ ታገኛለህ። ሰርቭ ላይ፣ ማለትም ጨዋታ ማስጀመሪያውን ኳስ ሲለጋ፣ ከሳተ እሱ ሁለተኛ ሙከራ አይኑረው። 6 ለ 0 ስትል የቆጠርካት እያንዳንዷ ዙር ጌም ትባላለች፤ በውስጧ አንድ ነጥብ 15፣ ሁለት 30፣ ሦስት 40 ተብሎ ይቆጠራል። በየጌሙ 15 ለ 0 እየመራህ ጀምር። በቃ።

አሮጌ ራኬት፦
15 አይበቃውም የኔ ልጅ። 6 ለ 1 የሚያሸንፍ ሰው ከ100 ነጥብ ወደ 70 ይወስዳል እንበል። ሰርቭ የማን ነው የሚለውን ትተን ብናሰላው፣ ከ100 ጌም 90ውን ያሸንፋል። 15 ብትቀበል ወደ 79 ይወርዳል፣ ያው መሸነፍህ ነው። 30 ስትቀበል 59 ይሆናል፣ እዚህ ጋ ጨዋታ ይጀመራል። 40 ብትቀበል ግን እሱ 29 ብቻ ይቀረዋል። ይሄማ ዘረፋ ነው! ስለዚህ ከ30 ጀምሩ። አንዱ ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ ካሸነፈ በአንድ ነጥብ አስተካክሉ።

እኔ የምወደው ግን 30ውን ለሁለት መክፈል ነው። አንተ ከ15 ጀምር፣ እሱ ከዜሮ በታች በ15 ዕዳ ይጀምር። የመጀመሪያ ነጥቡ ዕዳውን ትከፍልና ዜሮ ላይ ታደርሰዋለች። ልዩነቱ ያው ሁለት ነጥብ ነው፣ ግን ጌሙ ቶሎ አያልቅም። ለጀማሪ ደግሞ ብዙ ኳስ መምታት ነው የሚጠቅመው።

ጅሬን ማዶ፦
የኪስ ነጥብም አለ። የድሮ ተጫዋቾች ቢስክ ይሉታል። ደካማው በ6 ጌሙ ውስጥ አንድ ነጥብ በፈለገበት ሰዓት «ይቺን ወሰድኩ» ይላል፤ ኳስ ከመለጋቱ በፊት ብቻ። ባላንጣህ 40 ለ 30 እየመራ ደስ ሲለው አውጣትና ፊቱን እየው።

የአዌቱ ልጅ፦
ጋሼ አሮጌ ራኬት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕዳው ተመችቶኛል። ዲውስ ስንደርስስ፣ 40 እኩል ሆነን ጌሙን ለመውሰድ ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ማግኘት ሲያስፈልግ? እዚያ ነው ሁሌ የሚበላኝ።

አሮጌ ራኬት፦
ዲውስ ላይ እሱ 84 በመቶ ዕድል አለው፣ ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ማግኘት ለጎበዝ ይቀላል። አንድ ነጥብ ብቻ ተጫወቱና ያሸነፈ ጌሙን ይውሰድ። የሱ ዕድል 70 ይሆናል። በየትኛው በኩል ሰርቭ እንደሚደረግ ተቀባዩ ይምረጥ። ክረምት ላይም ይህ ይሻላችኋል፣ የጅማ ዝናብ ዲውስ አያስጨርስም።

ቀይ ሜዳ፦
ቁርሱን ግን ከውጤቱ ለዩት፣ በየተራ ተጋበዙ። ነጥብ እንዲጨመርለት ብሎ አንድ ቅዳሜ የሚለግም ሰው አይቻለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶሮ ወጥ አዘዘ።