52 ሲቀነስ 17 ለምን 45 ይሆንባቸዋል? የሁለተኛ ክፍል ልጆቼን በምን ላስተምር?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ 64 ልጆች አሉ። መደመር ላይ ብዙም አልቸገርም። መቀነስ ላይ ስደርስ ግን ግማሹ ክፍል ይጠፋብኛል። ትናንት ሰሌዳው ላይ 52 ሲቀነስ 17 ብዬ ጻፍኩና እየዞርኩ ደብተራቸውን ሳይ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጻፉት 45 ነው። አንዷን ጠጋ ብዬ «እንዴት አገኘሽው የኔ እናት?» ስላት በእርሳሷ 7ቱን ነካች፣ 2ቱን ነካች፣ ከዚያ «ከሰባት ሁለት ሲነሳ አምስት፣ ከአምስት አንድ ሲነሳ አራት» አለችኝ። በሙሉ ልቧ ነው የነገረችኝ። «ከጎረቤት ተበደሩ» ብዬ ስንት ቀን እንዳስተማርኩ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላም አለ። አርባ ሰባት ጻፉ ስል 407 የሚጽፉ ልጆች አሉኝ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ባልጨነቅሁ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው።

ትምህርት ቤታችን መርጃ መሣሪያ የለውም። ያለን ጠመኔና ሰሌዳ ነው። በራሴ ደመወዝ ገዝቼ የማዳርሰውም አይደለም። ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት፣ እዚሁ ከአካባቢው በሚገኝ ነገር የሚሠራ ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ብቻ መሆኑንም አስቡልኝ።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ የጠየቅሽው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ታችኛው ክፍል ነው፤ ከሁሉም በላይ የረዳኝ ነገር ስንደዶ ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበት ስንደዶ። ካልተገኘ ሰንበሌጥም የባሕር ዛፍ ጭራሮም ይሆናል። ስንዝር ስንዝር እያደረጉ ቆርጠው እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ያምጡ። ከዚያ አሥር አሥሩን ቆጥረው በልጥ ያስሩ።

እዚህ ላይ አደራ የምልሽ አለኝ። አንቺ አስረሽ እንዳትሰጫቸው። በገዛ እጁ አሥር ቆጥሮ ያሰረ ልጅ ነው እስሩ ውስጥ አሥር እንዳለ የሚያምነው። የታሰረ የተሰጠው ልጅ አንድ ወፍራም እንጨት አድርጎ ነው የሚያየው፤ ይህን ብዙ ዓመት ሳላውቅ አስሬ እያደልኩ ደክሜያለሁ።

52 ማለት እንግዲህ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። «17 ስጠኝ» በይው። ሰባት ነጠላ ይፈልጋል፣ ያለው ሁለት ነው። እዚያ ላይ ዝም በይ። ቶሎ አትንገሪው። ያያል፣ ያስባል፣ ያያል፣ ከዚያ አንዷን እስር ይፈታታል። አሁን አራት እስርና አሥራ ሁለት ነጠላ አለው። ሰባቱን ይሰጥሻል፣ አምስት ይቀረዋል፤ አንድ እስር ይሰጥሻል፣ ሦስት ይቀረዋል። 35። ያቺ ልጅ ከሰባት ላይ ሁለት ያነሳችው ቁጥሩን ብቻ ስለምታይ ነው። እጇ ላይ ሁለት ነጠላ ይዛ «ሰባት ስጪ» ስትባል ግን ሰባቱን ከሁለት ላይ ልታነሳው እንደማትችል ማንም አይነግራትም፣ እጇ ይነግራታል።

መልስ፦ ሱቅ ያላት እናት፣ ቡሬ

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ግን ይቺን ነገር ከልጄ ጋር አይቻታለሁና ልናገር። እህቴ፣ «ተበደር» የሚለውን ቃል ተዪው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ እያስጠናሁት «አምስቱ ለሁለቱ አንድ አበደረው» ስለው «መቼ ነው የሚመልስለት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፣ ብድር ይመለሳል፤ ይሄኛው አይመለስም።

እኛ ሱቅ ላይ የምንለው «ዘርዝር» ነው። አምስት ባለ አሥር ብርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ይዤ 17 ብር ክፈይ ብባል፣ ለሰባቱ ዝርዝር የለኝም፣ ስለዚህ አንዱን አሥር ብር እዘረዝራለሁ። አለቀ። ልጅ ሁሉ ሱቅ ተልኮ ያውቃል፣ ዝርዝር የለም ተብሎ ተመልሶም ያውቃል። ከአሮጌ ካርቶን ብር ቆርጣችሁ 1፣ 10 እና 100 ጻፉበት። 5፣ 50 እና 200ን ለጊዜው አታስገቢ፣ ለአሥር አሥሩ ነገር ግራ ያጋባቸዋል፤ በኋላ ይደርሳል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ላይ መልስ ስንሰጥ የምንቀንስ ይመስላችኋል? እየደመርን ነው። የ17 ብር ዕቃ ወስዶ 50 ብር ለሰጠኝ ሰው ሦስት አስቀምጬ «ሃያ»፣ ሠላሳ አስቀምጬ «ሃምሳ» እላለሁ። መልሱ 33 ነው። ልጆቹ ይህንንም ቢያውቁት መልሳቸው ትክክል መሆኑን ራሳቸው ያረጋግጡበታል።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ሞጣ

ስለ 407ቱ ልጆች ልበል። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት የቄስ ትምህርት ቤት ነው። በግእዝ ቁጥር ዜሮ የለም። አርባ ሰባት ሲጻፍ ፵፯ ነው፤ ፵ አርባ፣ ፯ ሰባት። የሰማነውን በሰማነው ቅደም ተከተል እናስቀምጣለን። ያንቺ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አርባን ሰሙ 40 ጻፉ፣ ሰባትን ሰሙ 7 አስከተሉ። ጆሯቸው በደንብ ሰምቷል። የጎደላቸው፣ 7ቱ የሚቀመጠው በዜሮው ቦታ መሆኑን ማየት ብቻ ነው።

እኔ ለእህቴ ልጅ ያደረግሁላት ይህ ነው። ካርቶን ቆርጬ በረጅሞቹ ላይ 10፣ 20፣ 30 እያልኩ እስከ 90 ጻፍኩ። በግማሾቹ ላይ ከ1 እስከ 9። አርባ ሰባት ስትባል 40ን ታነሳለች፣ 7ን ታነሳለች፣ 7ቱን ልክ 0ው ላይ ደርባ ታስቀምጣለች። 47 ሆነ። 7ቱን ከፍ ስታደርገው ዜሮው ከሥሩ ይታያል። «አለ! ተደብቆ ነው!» ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ 407 ጽፋ አላየሁም።

መልስ፦ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ባሕር ዳር

መምህር ከደብረ ማርቆስ የተናገሩት በትክክል የሚታወቅ ነገር ነው። ጀሮም ብሩነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ልጅ መጀመሪያ በእጁ እየሠራ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት እንደሚረዳ ጽፏል፤ ሲንጋፖርም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታችኛውን ክፍል ሂሳብ በዚሁ መንገድ ነው ያደራጀችው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንዘለው መሐለኛውን ነው። ስንደዶውን አሳይተን በማግስቱ በቀጥታ ቁጥር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። በመሐል ጥቂት ቀን ይሳሉት። እስሩ ረጅም መስመር፣ ነጠላው ነጥብ። 52 ማለት አምስት መስመር ሁለት ነጥብ ነው። አንዱን መስመር ሰርዘው አሥር ነጥብ ያደርጉታል። ይህን ለማድረግ ከደብተርና እርሳስ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የቁጥሮቻችን ስምም ራሱ አይረዳቸውም። አሥራ ሁለት ሲባል አሥርም ሁለትም ይሰማል፣ ጥሩ ነው። ሃያ ውስጥ ግን ሁለት አይሰማም። አርባ ሲባልም አራት የሚለው ቃል ለልጅ አይታየውም። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንት «አርባ ሰባት» ካልሽ በኋላ «አራት አሥርና ሰባት» እያልሽ ጨምሪበት።

መልስ፦ የአንደኛ ክፍል መምህር፣ ዳንግላ

እኔ ከአንድ ነገር ልጀምር፣ ጣታቸውን አትከልክዪ። ብዙ መምህር «በጣት መቁጠር አሳፋሪ ነው» ይላል፣ ልጆቹም ከጠረጴዛ ሥር ደብቀው ይቆጥራሉ። ጣት ማንም የማይረሳው መርጃ መሣሪያ ነው። መቁጠሩ ሲበቃቸው ራሳቸው ይተዉታል።

ለአሥር ደግሞ የእንቁላል ካርቶን ተጠቀሚ። ባለ 30ው ካርቶን ስድስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ አምስት አምስት ጉድጓድ አለው። ሁለት ሁለት ረድፍ አድርገሽ ስትቆርጪው ባለ አሥር ሦስት ይወጣዋል። ቆርኪ ይሞሉበታል። ስምንት ሲሞላ ሁለት ባዶ ይታያል። 8 ሲደመር 5 ሲባል ከአምስቱ ሁለቱን አንስቶ ይሞላል፣ ሦስት ይተርፋል፣ 13። ምግብ ቤትና ኬክ ቤት ጠይቂ፣ አብዛኛዎቹ ይጥሉታል።

ገበጣንም አትርሺው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር አድርጎ መጫወት ይቻላል፤ ጨዋታውን ሳይጀምሩ «ጠቅላላ ስንት ጠጠር ያስፈልገናል?» ብትያቸው 48ን ፈልገው ያገኙታል። ውጭ መሬት ላይ ከ0 እስከ 20 በአመድ መስመር ሥሪና እንደ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለሉ ይደምሩ፣ ወደኋላ እየዘለሉ ይቀንሱ። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጠዋት ይሁን።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደምበጫ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ እንዳልል እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሽንብራና ባቄላ ለትንንሾቹ አትስጡ። ትንሹ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት እያለ መቁጠሪያ የተሰጠውን ሽንብራ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ጤና ጣቢያ ወስደነዋል። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። ቆርኪና ጭራሮ ይሻላል። የጭራሮውንም ጫፍ የሾለውን እዩት።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለ64 ልጅ እንዴት ነው የሚዳረሰው? 40 ደቂቃው ስንደዶ በማደል አያልቅም?

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

64 ልጅ ሃያ ሃያ ካመጣ 1,280 ጭራሮ አለሽ። አሥራ ሁለት ቡድን አድርጊያቸው፤ ለየቡድኑ ከመቶ በላይ ይደርሳል፣ ይበቃል። ለያንዳንዱ ቡድን አንድ ያዥ ምረጪ፣ በየሳምንቱ ቀይሪው። ያዡ ከከረጢት ያወጣል፣ ያዡ ይመልሳል። አንቺ አታድዪ። መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ተዪላቸው፤ የፈቱትን መልሰው አሥር አሥር አድርገው ያስሩ። አንድ እስር ላይ ዘጠኝ ከሆነ ወለል ላይ ይፈልጉ። ያ መፈለጉ ራሱ ትምህርት ነው፣ ጊዜ እንደባከነ አትቁጠሪው።

ጠያቂዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦

ተመልሼ መጣሁ። ሳላሳውቃችሁ ብቀር ደስ አይለኝም።

መጀመሪያ ቀን ስንደዶውን ይዘን ተቀመጥን። 52 አስቀምጡ አልኩ፣ አስቀመጡ። 17 ስጡኝ አልኩ። መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለኝ፣ ዝምተኛ ነው። ሁለቱን ነጠላ አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ የሌላውን ቡድን ልጅ «አምስት አበድረኝ» አለው። እናንተዬ፣ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ቀን «ከጎረቤት ተበደሩ» ስለው የኖርኩት ልጅ ነው፤ የነገርኩትን በትክክል አደረገ። የቡሬዋ እህቴ ያለችው ያኔ ነው የገባኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «የራስህን መዘርዘር አትችልም?» አልኩት። እስሮቹን ተራ በተራ ነካካ። አንዷን አነሳ፣ ልጡ አልፈታ ሲለው በጥርሱ ሳበው፣ ጭራሮዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው። «አሥራ ሁለት ሆኑልኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«ዘርዝር» አሁን የክፍላችን ቃል ሆኗል። ከአሥራ አንዱ ልጆች 407 የሚጽፉት አራት ቀርተዋል፣ ካርዱን ገና እየደረቡ ነው። የቀረኝ ችግር ዜሮ ያለበት ነው። 100 ሲቀነስ 38 ስል ይጠፋቸዋል፤ የሚዘረዘር አሥር አጠገባቸው የለማ።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ተባረኪ ልጄ። አሁን ደግሞ ነዶ ሥሪ። አሥሩን እስር አንድ ላይ አድርገው በትልቅ ልጥ ያስሩት፤ አጨዳ ላይ ነዶ ያላየ ልጅ የለሽም። 100 ማለት አንድ ነዶ ነው። 38 ስጡኝ ስትያቸው መጀመሪያ ነዶውን ይፈታሉ፣ አሥር እስር ያገኛሉ። አሁንም ነጠላ የላቸውም። ከአሥሩ እስር አንዱን ይፈታሉ። ዘጠኝ እስርና አሥር ነጠላ። ስምንት ነጠላ ሲሰጡሽ ሁለት፣ ሦስት እስር ሲሰጡሽ ስድስት ይቀራቸዋል። 62። ሁለቱን ልጥ በአንድ ጊዜ እንዳትፈቺባቸው ብቻ፤ ነዶው ሲፈታ ቆም ብለሽ «አሁን ምን አለን?» በያቸው፣ ከዚያ ነው ሁለተኛው የሚፈታው።