ከአዘዞ ማራኪ የሚመላለስ፣ ማታ ፊፋ የሚያጫውት ላፕቶፕ የቱ ነው?

የአዘዞው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ነኝ። የምኖረው ግን አዘዞ ቤተሰብ ጋር ስለሆነ ላፕቶፑ በየቀኑ ከእኔ ጋር ይመላለሳል። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ተጨናንቆ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ሲመሽ ደግሞ በዚያው መንገድ። ክረምት ሲሆን ዝናቡም አለ።

የነበረኝ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም። ስሙን መጥራት አልፈልግም። አዲስ፣ ከነካርቶኑ ነው የገዛሁት። መጀመሪያ ስከፍተው በግራ በኩል "ቀጭ" ማለት ጀመረ። ዝም አልኩት። ከወር በኋላ ስክሪኑን ሳነሳ የታችኛው ፕላስቲክ አብሮ ተነሳና ውስጡ ያለው ሽቦ ሁሉ ታየ። አሁን ስክሪኑ መሃል ላይ መስመር ወጥቶበታል፣ ግድግዳ አስደግፌ ነው የምሠራበት።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ለትምህርት ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም። ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፊፋ፣ አንዳንዴ ጂቲኤ 5። በጀቴ 60 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ክረምት ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነው፣ ግማሹን አባቴ ነው የሰጠኝ፣ እሱ ደግሞ ከምን ላይ ቀንሶ እንደሰጠኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለተኛ መሳሳት አልችልም። ፒያሳ ዞሬ ስጠይቅ አንዱ ሱቅ "ጌሚንግ ነው፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ አለው" ብሎ አንድ ቀጭን ላፕቶፕ አሳየኝ። ዋጋው ረከሰብኝና ተጠራጠርኩ። ምን ትላላችሁ?

የአራዳው ጥገና፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ተጠራጥረሃል።

መጀመሪያ ስለ ተሰበረው ልንገርህ፣ ምክንያቱም እሱን ካልተረዳህ ቀጣዩንም በዚያው መንገድ ነው የምታጣው። እኔ አራዳ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ያንተን ዓይነት ብልሽት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣልኛል። ማጠፊያው፣ ሂንጅ የምንለው፣ ራሱ ብረት ነው። እሱ አይሰበርም። የሚሰበረው የያዘው ነገር ነው። ብረቱን የሚያስሩት ብሎኖች የሚገቡት የሩዝ ፍሬ በምታክል ነሐስ ውስጥ ነው፣ ነሐሷ ደግሞ የተቀበረችው ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ማጠፊያው አቧራ እየበላ ሲሄድ ይጠብቃል። አንተ ስክሪኑን ስታነሳ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ፕላስቲክ ላይ ያርፋል፣ ከዕለታት አንድ ቀን ከነነሐሷ ትፈነቀላለች። "ቀጭ" ያለህ ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን ብታመጣው ተጣብቆ ይድን ነበር፣ ከወር በኋላ ግን የስክሪኑን ኬብል ይዞት ሄደ። በአንድ ጥግ ይዞ መክፈት ደግሞ ያፋጥነዋል። መሃሉን ይዛችሁ ክፈቱ፣ ሁላችሁም።

ለመሥሪያ ቤት ተብለው የሚሠሩት ግን ሌላ ናቸው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። እነዚህን ስፈታቸው ማጠፊያው ከብረት ጋር ነው ታስሮ የማገኘው። መለዋወጫቸውም ይገኛል። ኩባንያዎቹ ሚል-ስታንዳርድ 810 በሚባለው የአሜሪካ ጦር የፍተሻ ደረጃ እንደፈተኗቸው ይናገራሉ። ይህ ማለት ከባጃጅ ቢወድቅ አይሰበርም ማለት አይደለም፣ ዋስትናም አይደለም። ግን በዕለት ተዕለት መንገላታት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አዲሱ ውድ ነው፣ በተለይ ብር በገበያ ከተተመነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ። ስለዚህ ላንተ ያገለገለ ነው የምመክርህ። ካርቶን ያልተከፈተ ርካሽ ከመግዛት አምስት ዓመት የሠራ ጠንካራ መግዛት ይሻላል።

አሁን ስለ "8 ጂቢ ግራፊክስ"። ግራፊክስ የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ክፈት፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ንካ፣ ጂፒዩ የሚለውን ጫን። ዴዲኬትድ እና ሼርድ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያለህ። ሼርድ ከራሙ፣ ማለትም ከላፕቶፑ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ የሚበደረው ነው። 16 ጂቢ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ሁሉ 8 ጂቢ ገደማ ሼርድ ያሳያል። ነጋዴው ያነበበልህ እሱን ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ካለው ቁጥሩን ዴዲኬትድ ላይ ነው የምታገኘው።

ፕሮሰሰሩ፣ የላፕቶፑ አንጎል የምንለው፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ኢንቴል ከሆነ አትግዛ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ያበቃው በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። 11ዱን ደግሞ ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፣ ከጥቂቶች በቀር። 6ኛና 7ኛ አሁን የረከሱት ለዚህ ነው።

ላንተ አገልግሎት ግን የምመርጠው ራይዘን የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነው። ኤሊትቡክ 845 ጂ7 ከራይዘን 5 ፕሮ 4650ዩ ጋር ካገኘህ አትለፈው። ስድስት ኮር አለው፣ አብሮት የተሠራው ግራፊክስም በዚያው ዘመን ከነበረው የኢንቴል ዩኤችዲ በጣም ይበልጣል። ኢንቴል ካልክ 11ኛ ጄኔሬሽን፣ አይሪስ ኤክስኢ የሚባል ግራፊክስ ያለው፣ ለምሳሌ ላቲቲዩድ 5420።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ራሙ ሁለት ይሁን። አንድ ባለ 16 ጂቢ ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጂቢ። የራሱ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለጨዋታ የሚጠቀመው ራሙን ነው፣ አንድ ብቻ ከተሰካ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። አይሪስ ኤክስኢማ በአንድ ራም ሲሠራ ዊንዶውስ ራሱ በስሙ አይጠራውም፣ ተራ ዩኤችዲ ነው የሚለው። ሰው "ላፕቶፑ ላግ ያደርጋል" ብሎ ያመጣልኝና አንድ ራም ስጨምርለት ሌላ ዕቃ የሆነ ይመስለዋል።

ቀይ ካርድ፦

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ፊፋ ስትል የቱን ነው? እሱ ሁሉን ነገር ይወስናል። ፊፋ 19 ከሆነ ጥገናው ያለህ ይበቃል። የፊፋ አዲስ ስም የሆነው ኤፍሲ 24 ከሆነ ግን ኩባንያው ራሱ ዝቅተኛው ብሎ የጻፈው 4 ጂቢ ያለው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ግራፊክስ ካርድ ነው፣ 100 ጂቢ ባዶ ቦታም ይፈልጋል። ያለ ካርድ ከሞከርከው ኳሷ አንድ ቦታ፣ ተጫዋቹ ሌላ ቦታ ነው የሚሆነው። ወንድምህ ተስፋ አድርጎ ያዝናል።

እኔ ጂቲኤክስ 1650 ያለው ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው ያለኝ። ቀበሌ 18 ቤታችን ሳሎን ተቀምጦ አራት ሆነን እንጫወትበታለን፣ ኤፍሲ 24ንም ጂቲኤ 5ንም ያለ ችግር ይከፍታል። በጣም ነው የምወደው። ግን ከቤት አይወጣም። ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጨዋታው ወዲያው ይከብዳል፣ ምክንያቱም በባትሪ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም፣ ባትሪውም ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው። እና ይሞቃል። መጀመሪያ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርጌ ነበር የምጫወተው፣ አየር የሚያስገባው ከሥሩ እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር።

የአዘዞው ልጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም። ወንድሜ የሚጫወተው ፊፋ 19 ነው፣ ጓደኛው በፍላሽ የሰጠው። ኤፍሲ 24ን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የሚያየው። እኔም በየቀኑ ሦስት ኪሎ ይዤ ሚኒባስ መጋፋት አልችልም። ስለዚህ ወደ ጥገናው ሐሳብ አጋደልኩ። ያገለገለ ስገዛ ግን እንዳልሸወድ ምን ልይ?

አዳሪ ነርስ፦

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ጨዋታ አላውቅም፣ ስለ ጥንካሬው ግን ልመስክር። ቲንክፓድ ቲ480 ነው ያለኝ፣ ያገለገለ ገዝቼው ሦስት ዓመት ተጠቀምኩበት። ባትሪው ሁለት ነው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የሚነቀለው ሲያልቅ ሳታጠፋው ሌላ ትቀይራለህ። አዳር ላይ መብራት ሲጠፋ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አትጠይቀኝ።

አንድ ሌሊት ሲኒ ቡና ሙሉውን ኪቦርዱ ላይ ደፋሁበት። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ አጠፋሁት፣ ሳነሳው ቡናው ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ጠብ ጠብ እያለ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ለካ ኪቦርዱ ውሃ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ገልብጬ ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። ተነሳ። "ኤም" የምትለው ብቻ ትንሽ ትጠነክራለች። ስኳር የሌለው ቡና መሆኑ ሳይረዳኝ አልቀረም።

የአራዳው ጥገና፦

እህቴ ያደረገችው ትክክል ነው። ብዙ ሰው ተርፎ እንደሆነ ለማየት ወዲያው ያበራዋል፣ ቦርዱን የሚያቃጥለው ያ ነው።

አሁን ስለ መግዛቱ። ቴሌግራም ላይ አይተህ ብር አትላክ። ሄደህ፣ ይዘህ፣ ቁጭ ብለህ እይ። ግማሽ ሰዓት ካልፈቀዱልህ ውጣ።

ከሁሉ በፊት አጥፍተህ አብራውና ሲነሳ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ያለው ማስተካከያ፣ ውስጥ ግባ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ተወው፣ ሻጩ "እከፍትልሃለሁ" ቢልም። የውጭ ድርጅት ሳይከፍት የጣለው ሊሆን ይችላል፣ ወይም የተሰረቀ። እኔ ዘንድ የሚመጡ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያለቅሱት በዚህ ነው።

ከዚያ የባትሪ ሪፖርት አውጣ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይወጣል፣ ዩቲዩብ ላይ አለ። ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላዩ ላይ አስቀንስ። ሻጩ የሚያሳይህ "100 በመቶ" የሚለው ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ባትሪው ጤና ምንም አይነግርህም።

ስክሪኑን በሁለቱም ጥግ ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርገው፣ ማጠፊያው መወላወል የለበትም። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ይሁን። የሚሽከረከረው ባጃጅ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ረጅም ዕድሜ አያገኝም፣ በርቶ እያለ ከወደቀማ አለቀለት። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑንም ጠይቅ። ለምሳሌ ላቲቲዩድ 5420 ራሙ ይቀየራል፣ 7420 ግን የተበየደ ነው፣ በገዛኸው መጠን ትቀራለህ። ስሙ በአንድ ቁጥር ነው የሚለያየው፣ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀት ቀይ ካርድ ያለውን ልጨምርበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር አስበው። ስለዚህ በዓመት አንዴ አስጠርገው፣ ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስት የምንለውን፣ አስቀይር። አምስት ዓመት የቆየ ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ ነው የማገኘው።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀል። ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ሲመለስ ነው ኃይሉ በርትቶ የሚመታው። ርካሽ ዲቫይደር ላይ እምነት አትጣል።

ቀይ ካርድ፦

ጥገናው፣ የከፍታውን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት። የእኔንም ይዤልህ እመጣለሁ።

የአዘዞው ልጅ፦

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ወጣሁ። አራት ሱቅ ዞርኩ። ያንን "8 ጂቢ ግራፊክስ" የተባለውን መጀመሪያ ከፈትኩት። ታስክ ማናጀር ላይ ዴዲኬትዱ 128 ሜጋባይት ይላል። ሻጩን ምንም አላልኩትም፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው ሱቅ አንድ ላቲቲዩድ ነበረው፣ በጣም ንጹህ። ኤፍ2 ስነካው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ልጁ "ችግር የለውም፣ እኛ እናስከፍትልሃለን" አለኝ። ትናንት ባላነበው ኖሮ እገዛው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መጨረሻ ያየሁት 845 ጂ7 ነው። ክዳኑ ላይ ስቲከር የተላጠበት ምልክት አለ፣ አንዱ ጥግ ትንሽ ተጫጭሯል። ባዮሱ ክፍት ነው። ባትሪው ሲሠራ 53 ዋት-ሰዓት የነበረው አሁን 41 ይይዛል። ስክሪኑን መሃሉን ይዤ ብዙ ጊዜ ከፈትኩ ዘጋሁት፣ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ ሰውዬ ወንበር ሰጥተውኝ "እስክትጠግብ እይ ልጄ" አሉኝ። ከበጀቴም ተርፎኛል። ገዛሁት።

ማታ ከወንድሜ ጋር ፊፋ 19 ጫንን። ይሠራል፣ ግን ኮርና ሲመታ፣ ሰው ሲበዛ፣ ትንሽ ይንቀረፈፋል። ከፍቼ ሳይ ራሙ አንድ ባለ 8 ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ወንድሜ ጥገና፣ ሰኞ ከክላስ በኋላ 10 ሰዓት ላይ አራዳ ብመጣ አለህ? አንድ ተመሳሳይ ባለ 8 ራም ታስገባልኛለህ፣ ፔስቱንም በዚያው።

የአራዳው ጥገና፦

አለሁ። የተሰበረውንም ይዘኸው ና። ኤስኤስዲ ካለው ነቅዬ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ውስጥ አደርግልሃለሁ፣ ለወንድምህ ጨዋታ ማስቀመጫ ይሆናል።