የአዳራሽ ግንባታ ቃል ኪዳንና የአገልጋይ ምልመላ፦ ምእመኑ በእምነት እንዲደፍር ምን እናስተምር?

የአጥቢያ ጸሐፊ
ሰላም ቅዱሳን። 200 ሰው ገደማ ያለባት አጥቢያ ናት። የቆርቆሮው አዳራሽ ስለጠበበ በብሎኬት ሊሠራ ነው። ሽማግሌዎች የአንድ ዓመት የገንዘብ ቃል ኪዳንና የአገልጋይ ምልመላ አብረው እንዲካሄዱ ወስነው ለትምህርቱ አራት እሑድ ሰጥተዋል። ሥጋቱ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ በሦስተኛው ወር ሰው ቃሉን የጻፈበት ካርድ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነው። ከየትኛው ክፍል እናስተምር? ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? ወርቅ አውልቆ የሚሰጥ ቢመጣስ?

ከመድረክ ጀርባ
ወንድሜ፣ ስለ አሥራት የሚናገረውን ሚልክያስ 3ን ለጊዜው ተዉትና 2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9ን ያዙ። አራቱም እሑድ እዚያው አለ።

መጀመሪያ 8፥1–5። የመቄዶንያ ሰዎች ድሆች ነበሩ። ለመስጠት የለመኑት እነሱ እንጂ ጳውሎስ አልነበረም፤ ደግሞም ከገንዘቡ በፊት ራሳቸውን ለጌታ ሰጥተዋል። አገልግሎትንና መባን አንድ ላይ ማስተማር የሚያስችለው ይህ ነው። ቀጥሎ 8፥10–12። ቆሮንቶሶች ካለፈው ዓመት ጀምረው ያልጨረሱ ናቸው፤ እናንተ የፈራችሁት የሦስተኛ ወር ችግር ማለት ነው። «እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም» የሚለው ላይ ቆም በሉ። ሦስተኛው እሑድ 8፥18–21 ነው፤ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዘው የሚሄዱት አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ ሰባኪ ይህን ይዘለዋል፤ ሰው ግን የሚደፍረው የሰጠው የት እንደደረሰ ሲያውቅ ነው። በአራተኛው 9፥5–7፤ ሰው በልቡ እንዳሰበ ይስጥ እንጂ በግድ አይሁን የሚለው።

ካርዱን በሦስተኛው እሑድ አድሉና በአራተኛው ሰብስቡ። መሃል ያለው ሳምንት ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚጸልይበትና የሚያሰላበት ነው። ስብከቱ ባለቀበት ቅጽበት አታስሞሉ፤ «50,000 የሚል ማነው?» የሚል ጨረታም ይቅር። ስምና መጠን መድረክ ላይ ከተነበበ 50 ብር የያዘችው እናት ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። «ዘንድሮ ስጥ፣ ዘንድሮ ቤት ትሠራለህ» የሚል ተስፋም አትስጡ። መቄዶንያዎች ሰጥተው ሀብታም ሆኑ የሚል መልእክቱ ውስጥ የለም።

ሒሳብ ሹሙ
ካርዱ ላይ ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ በሳምንት ወይስ በወር፣ የመጨረሻው ወር። ከሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሁኔታዬ ከተለወጠ መጠኑን ያለ ማብራሪያ ማስተካከል እችላለሁ»። ይህ መስመር ከሌለ ሥራ ያጣ ሰው ቃሉን ብቻ አይደለም የሚተወው፣ ፊት ላለማየት ሲል አምልኮውንም ይተዋል።

በመስከረም አትጀምሩ። የዘመን መለወጫ፣ የመስቀልና የትምህርት ቤት ወጪ ተደራርቦ ኪስ ባዶ ነው። ከጥቅምት እስከ መስከረም 12 ወር አድርጉት። ለቀን ሠራተኛና ለጉልት ነጋዴ ሳምንታዊው ይቀላል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2ም በየሳምንቱ ነው የሚለው።

ለምሳሌ 120 ካርድ በአማካይ 300 ብር በወር ቢሆን በዓመት 432,000 ነው። ይህን ቁጥር ለኮንትራክተር አታሳዩ። በመጀመሪያው ሩብ መግባት ያለበት 108,000 ነው፤ የገባው 70,000 ከሆነ ዕቅዱን በ70,000 ከልሱ። መሠረት የሚቆፈረው የመሠረቱ ሲሚንቶ፣ ብረትና የእጅ ዋጋ ባንክ ሲገባ ነው። ቃል የተገባ ገንዘብ ላይ ቆሞ ብረት በዱቤ ማውጣት ነው ብዙ ግንባታ በቋሚው ብቻ የሚያስቀረው።

ሒሳቡ ለብቻው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም፣ በሁለት ፈራሚ ይከፈት። ቴሌብሩም እንደዚያው፤ በገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር አይሁን። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ ከሒሳቡ መግለጫ ጋር አመሳክራችሁ ነው ደረሰኝ የምትቆርጡት። ጥሬ ገንዘቡን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች እዚያው ቆጥረው ይፈርሙ፣ ሰኞ ባንክ ይግባ።

ወርቅን በዕለቱ አትቀበሉ፤ ስሙን መዝግባችሁ በሳምንቱ ከትዳር ጓደኛው ጋር ይምጣ በሉ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም (1992 ዓ.ም.) ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ሀብት በስጦታ ሲሰጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያኔ በፊታቸው መዝኑ፤ ግራሙንና ካራቱን ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ስትሸጡ ከሦስት ወርቅ ቤት ዋጋ ጠይቁ።

ቤርያ
ይህ ሁሉ ቁጥጥር እምነት ማጣት አይመስልም? 2ኛ ነገሥት 12 ላይ የቤተ መቅደሱን ጥገና ገንዘብ ለሠራተኞች የሚከፍሉትን ሰዎች «ሒሳብ አልጠየቋቸውም»፣ ታማኞች ስለነበሩ።

ሒሳብ ሹሙ
ወንድም ቤርያ፣ ከላይ ጀምረህ አንብበው። ለጥገና የሚመጣው ገንዘብ በካህናቱ እጅ ሲያልፍ እስከ ንጉሡ ኢዮአስ 23ኛ ዓመት ድረስ ቤቱ አልተጠገነም። ያን ጊዜ ነው ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን መክደኛ ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ ያስቀመጠው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ ሆነው ቆጥረው ያሥሩታል። ለአሠሪዎቹ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የልጆች ክፍል
ስለ ምልመላው ማንም አልተነፈሰም፣ ስለዚህ እኔ ልግባ። «ማገልገል የምትፈልጉ ተነሡ» ስትሉ የሚነሡት እነዚያው 15 ሰዎች ናቸው፤ ኳየር ያለው አስተናጋጅም ነው፣ ጸሎትም ይመራል። ክፍት ቦታዎቹን አስቀድማችሁ በዝርዝር ጻፉ፦ ድምፅ ማጉያ፣ ጽዳት፣ ሻይ፣ ልጆች፣ የሆስፒታል ጥየቃ፣ ለቅሶ ቤት። ነህምያ 3 ላይ አንዳንዶቹ የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሠሩት በየቤታቸው አንጻር ነው፤ ሰውንም ለሚያውቀው ሥራ በግንባር ጠይቁት። ኤሌክትሪሻኑን ማይክ አያያዝ አስተምሩት፣ መዝሙር አታስመሩት።

ጊዜው ሦስት ወር ይሁን፣ ማብቂያ ቀኑም ይነገረው። ማብቂያ የሌለው አገልግሎት ሰው የሚወጣው ተኮራርፎ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው እሑድ ያያል፣ በሁለተኛው አብሮ ይሠራል፣ በሦስተኛው እየታየ ይሠራል። ለልጆች ክፍል ግን ይህ አይበቃም፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ፣ በሩ ክፍት፣ ልጁን የሚረከበውም ያመጣው ሰው ብቻ።

የአጥቢያ ጸሐፊ
ጌታ ይባርካችሁ። አንድ የቀረኝ፦ ግንባታው ከሞላ ትርፉ ወዴት ይሂድ?

ከመድረክ ጀርባ
ሲሞላ አስቁሙ። ዘጸአት 36 ላይ ለመቅደሱ ሥራ ከሚበቃው በላይ ሲመጣ ሙሴ ማንም ከእንግዲህ አያምጣ ብሎ በሰፈሩ አሳወጀ። የሚተርፈው ለምን እንደሚውል ካርዱ ላይ ከአሁኑ ጻፉት።