አራት በመቶ ኪሳራ፣ 30 ግዳጅ፤ ስሌቱና ታሪኩ ለምን አልተገናኙም?

የአቃቂው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ፕሮባቢሊቲ ሳስተምር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን በሌሊት ይደበድቡ የነበሩትን የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ምሳሌ አድርጌ አቅርቤ ነበር፤ ከመቶ አውሮፕላን አራቱ ሳይመለሱ የሚቀሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዙር ለመጨረስ 30 ግዳጅ የሚጠበቅበት በራሪ ዕድሉ ምን ያህል ነው? አንድ ተማሪ አራትን በ30 አባዝቶ 120 በመቶ አገኘና «እንግዲያው ማንም አይተርፍም» አለ። 0.96ን ሠላሳ ጊዜ በራሱ አባዝተን 29 በመቶ ስናገኝ አመነ፤ ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ አስከተለ። በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ የቦምብ ጣዮች እዝ ሥር ከነበሩት 125,000 ያህል በራሪዎች የሞቱት 55,573 ናቸው፣ ይህም 44 በመቶ ነው። በስሌቱ መሠረት 71 በመቶው ዙሩን ካልጨረሰ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከለገጣፎ፦
መምህር፣ ተማሪዎ ብርቱ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። 125,000ው ውስጥ ገና ሥልጠና ላይ የነበሩ፣ እንዲሁም ጦርነቱ ሲያበቃ ጥቂት ግዳጅ ብቻ የፈጸሙ ሰዎች አሉበት። በሌላ በኩል፣ ከሟቾቹ ወደ 8,000 የሚጠጉት የሞቱት ጠላት ሳይነካቸው በሥልጠናና በመሳሰሉት አደጋዎች ነው። ከዚህም ሌላ አውሮፕላኑ ወደቀ ማለት በራሪው ሞተ ማለት አይደለም፤ 9,800 ያህል ሰዎች ተማርከው በሕይወት ቆይተዋል።

ጡረተኛ የአውሮፕላን ቴክኒሻን፣ ቃሊቲ፦
የመጨረሻዋ ነጥብ ሰፋ ብላ መታየት አለባት። ላንካስተር በሚባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ውስጥ ሰባት ሰዎች ይበርሩ ነበር፤ በፓራሹት ለመዝለል የተዘጋጀው ዋናው በር ከአፍንጫው ወለል ላይ ሲሆን ስፋቱ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ፓራሹት ደረቱ ላይ አስሮ፣ በጨለማ በሚሽከረከር አውሮፕላን ውስጥ በዚያ ማለፍ ምን እንደሚመስል ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይገባዋል። የጅራቱ ተኳሽ ደግሞ ፓራሹቱ የሚቀመጠው ከመቀመጫው ውጭ ስለነበር በሩን ከፍቶ እጁን ወደ ኋላ መስደድ ነበረበት። በእዙ የጥናት ክፍል ይሠራ የነበረው ፍሪማን ዳይሰን ይህን ጉዳይ መርምሮ፣ ከተመታ ላንካስተር የሚተርፉት 15 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ፣ በቀን ይበርሩ ከነበሩት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ግን ግማሽ ያህሉ እንደሚተርፉ ጽፏል። በእኔ እምነት ይህ የጀግንነት ጉዳይ ሳይሆን የበር ስፋት፣ የብርሃንና የጊዜ ጉዳይ ነው።

ከቡራዩ፦
አራት በመቶ አማካይ መሆኑም አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 30 እስከ 31 ቀን 1944 ሌሊት ወደ ኑረምበርግ ከተላኩት 795 አውሮፕላኖች 95ቱ አልተመለሱም፤ ወደ 12 በመቶ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ የሦስት ግዳጅ ያህል ዕድል ቀማ ማለት ነው። ልምድ ያድናል የሚለው እምነትም በዳይሰን ጥናት አልተደገፈም፤ የጀርመን የሌሊት ተዋጊዎች ሽቅብ የሚተኩስ መድፍ ገጥመው ከቦምብ ጣዩ ሆድ በታች ስለሚመጡ፣ አዲሱም ነባሩም ቡድን አያያቸውም ነበር።

የአቃቂው መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ኪሳራው ሁለት፣ አራትና አምስት በመቶ ሲሆን እያንዳንዱን እንዲያሰሉ አደርጋለሁ። ዙሩን የሚጨርሰው በየተራ 55፣ 29 እና 21 በመቶ ይሆናል፤ ከአራት ወደ አምስት ስንሸጋገር የአንዲት ነጥብ ልዩነት ከሚተርፉት ሩብ ያህሉን ትወስዳለች።