የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከባሕር ስንት ኪሎ እንውሰድ?

አስተባባሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ተጣብቀን ቀርተናል። ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ስፖንጅና ሌሎች የባሕር ፍጥረታትን በብዛት ሰብስበን ለካንሰር መድኃኒት የሚሆኑ ውህዶችን እንፈልጋለን።» «በብዛት» የምትለዋን ቃል የተቃወሙ አሉ። ሐሳባችሁን እዚሁ አስፍሩ።

ኬሚስቷ፦
ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነኝ። ባሕሩን ስለማልወድ አይደለም፤ ሳይታራቢንን ብቻ ማሰብ ይበቃል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሪቢያን ስፖንጅ ውስጥ ከተገኙ ውህዶች ሐሳቡ ተወስዶ የተሠራ ነው። ከ1969 ጀምሮ የደም ካንሰር ይታከምበታል።

የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። በ1986 የጃፓን ተመራማሪዎች ሃሊኮንድሪን ቢ የሚባል ውህድ ከአንድ ስፖንጅ ማውጣታቸውን ይፋ አደረጉ። የካንሰር ሴል እንዳይከፋፈል የማድረግ አቅሙ የሚገርም ነበር። ለሙከራ የሚበቃ ለማግኘት በኒውዚላንድ 1 ቶን ስፖንጅ ከባሕር ወጣ። ከዚያ ሁሉ የተገኘው 300 ሚሊግራም ገደማ ነው። በሁለት ጣት የሚቆነጠር ዱቄት!

መላው የተገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በ1992 በሃርቫርድ የዮሺቶ ኪሺ ቡድን ሞለኪውሉን ከዜሮ ሠራው። ቀጥሎ ሲፈተሽ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሞለኪውሉ ግማሽ ያህሉ መሆኑ ታወቀ። ያንን ግማሽ አሻሽለው ኤሪቡሊን የሚባለውን መድኃኒት ሠሩ። አሜሪካ በ2010 ለጡት ካንሰር ፈቀደችው። ምርቱ ከ60 በላይ የኬሚስትሪ እርምጃ አለው፤ አድካሚ ነው። ግን አንድም ስፖንጅ አይነቀልም።

ነርሷ፦
እኔ ትራቤክቴዲን የሚባለውን ከባሕር የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ለታማሚ የምሰቅል ሰው ነኝ። ደረት ውስጥ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር በሚገባ ቱቦ 24 ሰዓት ሙሉ ይገባል። ሌሊት ፓምፑ ሲጮህ እሮጣለሁ፤ መስመሩን አያለሁ። ታማሚዋ ነቅታ «ስንት ቀረው እህቴ?» ትለኛለች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት 1 ሚሊግራም ነው። ዓይን የሚያየው ነጭ ነገር አብዛኛው አብሮት የተደረገ ስኳር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺው ሴት ትመለሳለች። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልቋል» ልላት አልችልም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ውህዱ በምን መንገድ ሳይቋረጥ እንደሚመረት ከመጀመሪያው ገጽ ይናገር። «ሲገኝ እናስብበታለን» ከተባለ እኔ አልፈርምም።

ኬሚስቷ፦
ልክ ነሽ እህቴ፤ ትራቤክቴዲንም በዚሁ መከራ ነው ያለፈው። የተገኘው ማንግሮቭ በሚባል ባሕር ዳር የሚበቅል ዛፍ ሥር ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ቱኒኬት፣ ከረጢት ከሚመስል የባሕር እንስሳ ነው። 1 ግራም ለማውጣት 1 ቶን ገደማ ቱኒኬት ይጠይቃል። በ1996 የአሜሪካዊው ኬሚስት የኮሪ ቡድን በኬሚስትሪ ሠራው፤ ግን ለፋብሪካ ረጅም ነበር። ኋላ የስፔኑ መድኃኒት አምራች ፋርማማር መላ አገኘ። አንድ ባክቴሪያ በታንከር ተራብቶ ተቀራራቢ ውህድ ይሰጣል፤ የቀረውን ኬሚስቶች ይጨርሳሉ። በ2007 አውሮፓ የፈቀደው በዚህ መንገድ የሚመረተውን ነው።

ጠላቂው፦
«በብዛት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንስቻለሁ። ብራዮስታቲን የሚባለውን ለካንሰር የተሞከረ ውህድ ለማግኘት 13 ቶን ገደማ ብራዮዞዋን (ተጣብቀው በጋራ የሚኖሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት) ተሰብስቦ 18 ግራም ብቻ እንደተገኘ አውቃለሁ። ያንን ያህል ከባሕር ወለል ሲጋዝ ማየት አልፈልግም።

ግን «ጥቂት ናሙና» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉት። ብራዮስታቲንን የሚሠራው እንስሳው ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንደሆነ ይታመናል። ዓይነቱ አንድ ሆኖ ባክቴሪያው የሌለበት አካባቢ አለ፤ እዚያ ብትለቅሙ ባዶ ነው። ስለዚህ ስንጠልቅ ጥልቀቱ፣ የውሃው ሙቀት፣ ቦታው፣ ከመነቀሉ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ሁሉም ይመዝገብ። ከስፖንጁም አውራ ጣት የሚያህል ብቻ ይቆረጥ፤ ሥሩ ካልተነቀለ ያገግማል። ግማሹ ለኬሚስቶች፣ ግማሹ ወዲያው በረዶ ውስጥ ገብቶ ለዘረመል ምርመራ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ሁለተኛ ጊዜ የጠለቅኩበት ቀን አለ፤ ያንኑ ስፖንጅ መልሼ አላገኘሁትም።

ፈቃዱም አይረሳ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ናሙናው የሚወጣበት አገር አስቀድሞ እንዲስማማና ጥቅሙም እንዲደርሰው ይላል። ለእኔ ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ተማሪው፦
አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ አልራባ ቢልስ?

ኬሚስቷ፦
ብዙ ጊዜ አይራባም። በታንከር ከሚራባው የተለየው፣ ቱኒኬቱ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ራሱ ከእንስሳው ውጭ ለመኖር የሚያስፈልጉ ብዙ ጂኖቹን አጥቷል። ያን ጊዜ ውህዱን የሚሠሩትን ጂኖች አንብበን በቀላሉ ወደሚራባ ባክቴሪያ ማዛወር እንሞክራለን። ካልሆነ ኬሚስትሪ አለ። ለሁለቱም በጀት ይያዝ፤ አንዱ ብቻ ላይ መንጠልጠል አደጋ ነው።

አስተባባሪው፦
እንግዲያው ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ይነበባል፦ «ከእያንዳንዱ ፍጡር ትንሽ ቁራጭ ብቻ፣ በአገሩ ፈቃድና ከሙሉ መዝገብ ጋር እንወስዳለን። ውህዱን እንስሳው ይሥራው ወይስ ባክቴሪያው መጀመሪያ እንለያለን። ያለ ማምረቻ መንገድ ማንኛውም ውህድ ወደ ሰው ሙከራ አያልፍም።» የነርሷ አንቀጽ ገጽ 1 ላይ ይገባል። ጠላቂው የመዝገቡን ቅጽ እስከ ሐሙስ ይላክልን። የበጀቱ ክፍፍል ገና አልተዘጋም፤ ኬሚስቷና ተማሪው አንድ ላይ ሠርታችሁ አምጡት።

ነርሷ፦
አሁን እፈርማለሁ።