አንዱ ፕሬዚዳንት የከለለውን ናሽናል ሞኑመንት ሌላው መቁረጥ ይችላል?

ጥያቄ
በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው የቤርስ ኢርስ ሞኑመንት ነገር ግራ ያጋባል። ኦባማ በ2016 ከለለው፣ ትራምፕ በ2017 ቆርጦ አሳነሰው፣ ባይደን በ2021 መለሰው። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ አዋጁ ሲወጣ መሬቱ ላይ ምን ይለወጣል? ከብት አርቢው ይነሳል?

መልስ 1
በመጀመሪያ፣ ሞኑመንቱን “ሐውልት” እያሉ የሚተረጉሙ ዜናዎችን እርሷቸው፤ የምናወራው በፕሬዚዳንት አዋጅ ጥበቃ ስለተደረገለት የፌዴራል መሬት ነው።

ሁሉም የሚነሳው በ1906 (በፈረንጆች) ከወጣው አንቲኩዊቲስ አክት (የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ) ነው። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስን ሳይጠይቅ፣ ታሪካዊ ወይም ሳይንሳዊ ፋይዳ ያለው ነገር የሚገኝበትን የፌዴራል መሬት በአዋጅ መከለል ይችላል። ልጓሙ አንድ ሐረግ ነው፤ ስፋቱ ለጥበቃው ከሚበቃው ከትንሹ መብለጥ የለበትም። ዩታ ሙግቷን የምታነሳው እዚህ ላይ ነው፤ 1.35 ሚሊዮን ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) እንዴት “ትንሹ” ይሆናል ትላለች። ደጋፊዎቹ ደግሞ የጥንቱ መኖሪያና የድንጋይ ላይ ሥዕሉ በየሸለቆው ስለተበተነ በጥቂት አጥር አይያዝም ይላሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ከ800 ሺህ ኤከር በላይ የነበረውን የግራንድ ካንየን ሞኑመንት አጽድቋል፤ ስፋት ብቻውን አዋጅን አያፈርስም ማለት ነው።

ስለ መቁረጥ ግን ሕጉ ምንም አይልም። የ1938ቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፕሬዚዳንት ሞኑመንትን መሰረዝ አይችልም ብሎ ነበር። ሆኖም ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1915 የማውንት ኦሊምፐስን ሞኑመንት በግማሽ ያህል ቀንሶታል። በ2025 የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ክፍል የ1938ቱን አስተያየት ሽሮ መሰረዝም ይቻላል አለ። ይህ የመንግሥት ጠበቆች አስተያየት እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም።

መልስ 2
መሬቱን በሚመለከት፣ ከአዋጁ በፊትም የፌዴራል ነበር፤ ከማንም አይነጠቅም። የሚዘጋው አዲስ የማዕድን ይዞታ ምዝገባና አዲስ የነዳጅና የጋዝ ኪራይ ነው። ነባር መብት ይቀጥላል፤ ግን ችካል ተክሎ ወረቀት መያዝ አይበቃም፤ ባለይዞታው አዋጁ በወጣበት ቀን ዋጋ የሚያወጣ ማዕድን እንዳገኘ ማስረዳት አለበት። በ1920ው የግራንድ ካንየን ክስ የማዕድን ይዞታ አለኝ ያለው ተከራካሪ የተሸነፈው እዚሁ ላይ ነው።

አርቢው አይነሳም። በቤርስ ኢርስ የግጦሽ ፈቃድ ቀጥሏል። መኪና የት ይሂድ፣ የት ይቁም የሚለው በአዋጁ ሳይሆን በኋላ በሚዘጋጀው የአስተዳደር ዕቅድ ነው የሚወሰነው፤ ይህ ዓመታት ይፈጃል፣ የአካባቢው ሰው እውነተኛ ጠብም እሱ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ቅሬታ አለ። በተከለለው መሬት ውስጥ ለትምህርት ቤት ገቢ የተመደቡ፣ የዩታ የራሷ የሆኑ ቁራጭ መሬቶች በየቦታው ተሰክተዋል፤ በቤርስ ኢርስ ከ100 ሺህ ኤከር በላይ ናቸው። መፍትሔው ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር መሬት መለዋወጥ ነው። ለሌላው የዩታ ሞኑመንት፣ ለግራንድ ስቴርኬስ፣ ኮንግረስ በ1998 ፈጽሞታል።

መልስ 3
ኮንግረስ ከፈለገ ፕሬዚዳንቱ እንዳይከልል በሩን ይዘጋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1943 በዋዮሚንግ ግዛት ያለውን ጃክሰን ሆልን ከከለለ በኋላ ግዛቷ ተቆጣች፤ በ1950 በዚያች ግዛት ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አዲስ ሞኑመንት እንዳይታወጅ ተደነገገ። በአላስካም ከ1980 ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ከሆነ ኮንግረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላጸደቀው ይወድቃል።

ለዋናው ጥያቄ ግን ፍርድ ቤት እስካሁን መልስ አልሰጠም። የ2017ቱ ቅነሳ ቤርስ ኢርስን በ85 በመቶ ሲያሳንሰው ክሶች ወዲያው ተከፍተው ነበር፤ ውሳኔ ሳያገኙ ባይደን ድንበሩን መለሰው።