ፕሮሰሰሩን ብቻ ብቀይር ይበቃኛል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 1600 ፕሮሰሰር፣ ቢ350 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለው። ጌም ላይ ሰው የበዛበት ከተማ ስገባ ምስሉ ይቆራረጣል። ያኔ ግራፊክስ ካርዱ የሚሠራው ከአቅሙ 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ይመስለኛል።

ማዘርቦርድና ራም ጭምር ለመቀየር አቅሜ አይፈቅድም። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር እዚያው ኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ላይ ይገባል፤ እንደ አሮጌው 65 ዋት ነው። ግን መጀመሪያ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) መታደስ አለበት፤ ጭንቀቴም እሱ ነው። ሰፈራችን መብራት ድንገት ይጠፋል። ባዮስ እየተጫነ ከጠፋ ማዘርቦርዱ አልነሳም ሊል ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የለኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ተጠንቅቆ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ያገለገለ ራይዘን 5 3600 ባገኝስ ይሻለኛል ወይስ ትንሽ አጠራቅሜ 5600ውን ልግዛ?